አስራ አንድ ሕትመት፣ አንድ ማጉያ መነጽር

ስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለም በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ አልፎ ወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል፣ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። አስራ አንድ አሉኝ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር አስር ናቸው፤ አንዱ ስክሪን ፕሪንት አይደለም። እሱ ደግሞ የመጀመሪያ ግዢዬ ነው።

ከታች በግራ በኩል በእርሳስ 1/50፣ ከሃምሳ ቅጂ ቁጥር አንድ፣ ተጽፎበታል። በቀኝ ፊርማ አለ። ቁጥር አንድ ነው በሚል ሻጩ ጨመር አድርጎ ጠየቀኝ፣ እኔም ዓይኔን ሳላሽ ከፈልኩ። ከስድስት ወር በኋላ አስር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ገዛሁ። ቀዩ ቦታ ላይ አስጠግቼ ሳየው ቀይ የሚባል ነገር የለም። ሮዝ ነጥብ፣ ቢጫ ነጥብ፣ እንደ ተነሰነሰ በርበሬ ተበታትኖ። የኢንክጄት ፕሪንተር፣ ቀለም በጥቃቅን ነጠብጣብ የሚረጭ የኮምፒውተር ማተሚያ፣ ሥራ ነው። ተሸውጃለሁ።

ሻጩን ግን መውቀስ አልችልም። “በቁጥር የተወሰነ እትም” ነው ያለኝ፤ ስክሪን ፕሪንት ነው አላለም። ቀሪውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ኢንክጄት መሆኑም ወንጀል አይደለም፣ በደንብ የተሠሩ አሉ። የከፈልኩት ግን የስክሪን ፕሪንት ዋጋ ነበር።

እውነተኛው በመነጽር እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ቀዩ ቀይ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ አልሰረገም፣ ላዩ ላይ ተኝቷል። ወረቀቱን ወደ መስኮት አዘንብላችሁ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው፣ ሁለት ቀለም የተደራረበበት ቦታ ላይ ቀጭን እርከን ታያላችሁ። መጽሔትና ፖስተር በብዛት የሚታተምበት የኦፍሴት ሕትመት ደግሞ ነጥቦቹ ተሰልፈው ትንንሽ አበባ ይሠራሉ። ስክሪን ፕሪንት ላይም ነጥብ አይጠፋም፤ ብዙ አርቲስቶች ፎቶ በነጥብ ያትማሉ። ያኔ ግን ነጥቡ ጠርዙ የጠራ፣ ቀለሙም የተሞላ ይሆናል። ይህን ለመለየት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ሳይቀር በመነጽር ሳይ ነበር የምውለው።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። 1/50 መጀመሪያ የታተመው ማለት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አታሚው አንዱን ቀለም ሁሉም ወረቀት ላይ ያትምና ማድረቂያ መደርደሪያ ላይ ይዘረጋል። ሲደርቅ ሰብስቦ ሁለተኛውን ቀለም ይቀጥላል። ስድስት ቀለም ካለው ወረቀቶቹ ስድስት ጊዜ ይደባለቃሉ። ቁጥሩ የሚጻፈው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፣ ያኔ ማን ቀድሞ እንደታተመ የሚያስታውስ የለም። ብረት ላይ በመርፌ ተጭሮ በሚሠራ ሕትመት ትንሽ ቁጥር ትርጉም ሊኖረው ይችላል፣ ሰሌዳው ቶሎ ያልቃልና። ስክሪን ግን ሃምሳ ወረቀት ምኑም አይደለም።

ይልቅ የሚጠየቀው ከሃምሳው ውጭ ስንት አለ የሚለው ነው። ኤ.ፒ. የሚል ምልክት ያላቸው የአርቲስቱ ቅጂዎች አሉ፣ ፒ.ፒ. የሚሉት የአታሚው ናቸው። አሜሪካዊው አርቲስት አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው የተዋናይት ማሪሊን ሞንሮ ምስሎች ስብስብ እትሙ 250 ነው ይባላል። ነገር ግን በቁጥር ፈንታ ከA እስከ Z የላቲን ፊደል የተጻፈባቸው 26 የአርቲስት ቅጂዎች አሉ። ስለዚህ 276 ነው። የእንግሊዛዊው የጎዳና ሠዓሊ የባንክሲ “ፊኛ የያዘች ልጅ” ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ስትወጣ 150 የተፈረመባቸው፣ 600 ያልተፈረመባቸው ነበሩ። “ከ150 አንዱ” የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው ስድስት መቶዎቹን አያያቸውም።

አያያዝ ላይ ጉዴ ብዙ ነው። ሦስተኛዬ ትልቅ ጥቁር ሜዳ ያለው ሥራ ነበር። ተጠቅልሎ ከመጣበት ቱቦ አውጥቼ በአንድ እጄ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፉን ይዤ አነሳሁት። ወረቀቱ በራሱ ክብደት ታጠፈ፤ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ላይ የጥፍር ጨረቃ የመሰለች ስብራት ቀረች። ነጭ ወረቀት ላይ ብትሆን አትታይም ነበር። ጥቁሩ ላይ ግን ከበሩ ሆናችሁ ታዩዋታላችሁ። በዚህ አላበቃሁም። ከኋላው በግልጽ ፕላስተር ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ መስታወቱን በቀጥታ ቀለሙ ላይ አሳርፌ ፍሬም አስገባሁት። ዓመት ሳይሞላው የፕላስተሩ ሙጫ ቢጫ ሆኖ ወደ ፊት መምጣት ጀመረ። አሁን ወረቀት የሚያክም ባለሙያ ዘንድ ነው። ጨረቃዋ ግን አትድንም ተብያለሁ።

ከዚያ ወዲህ በሁለት እጅ፣ ሰያፍ ማዕዘኖቹን ይዤ ነው የማነሳው። ፍሬም ሲገባ መስኮት የተቆረጠለት አሲድ አልባ ካርቶን በመሃል ይገባል፣ መስታወቱ ቀለሙን እንዳይነካ። ከኋላ በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ከላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ደግሞ በፍጹም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ራሴ ለማተም ስሞክር ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና፣ ሦስት ቀለም፣ ሃያ ወረቀት። ቢጫው በሰላም አለቀ። ሰማያዊው ብርሃን አሳላፊ ስለነበር ቢጫው ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ወጣ፣ ደስ አለኝ። ጥቁሩ ላይ ደረስኩ። ስኩዊጂውን፣ ቀለሙን በወንፊቱ የሚገፋውን የጎማ መጥረጊያ፣ ስስብ አንዴ እጄ ሳሳ፣ አንዴ ከበደ። ስልክ ተደውሎ ሁለት ደቂቃ ስቆም ቀለሙ ወንፊቱ ላይ ደርቆ ቀዳዳውን ደፈነው። ወረቀቱ አንድ ሚሊሜትር ሲንሸራተት ደግሞ በጥቁሩና በቢጫው መሃል ነጭ ክር ይወጣል። ከሃያው ስድስት ተረፉ። ስድስቱም ቢሆኑ ለእናቴ ካልሆነ ለማንም የሚሰጡ አይደሉም።

አሁን የምገዛው ሌላ ነገር እያየሁ ነው። መጀመሪያ ጠርዙን አያለሁ፤ ቀለሞቹ እንደ ደረጃ ተራ በተራ ብቅ የሚሉበት ቦታ ካለ ስንት ጊዜ እንደታተመ እቆጥራለሁ። አስራ አንደኛዬ ቁጥሩ 37/60 ነው። ዘጠኝ ቀለም ቆጥሬበታለሁ። የመጨረሻው በጣም የቀጠነ፣ ሁሉም ላይ የተዘረጋ ግራጫ ነው። በፎቶ ጭራሽ አይታይም። ቀርቤ ሳየው ግን ከስሩ ያለው ብርቱካናማ እንደ ጉም ውስጥ እሳት ሆነብኝ። አንድ ጥግ ላይ ነጭ ክር ወጥታለች። ሻጩ እንደ ጉድለት አሳየኝና ቅናሽ አደረገልኝ። እኔ በዚያች ክር ምክንያት ነበር ይበልጥ የወደድኩት፣ አልነገርኩትም እንጂ።

አስራ ሁለተኛውን ባለፈው ሳምንት አዘዝኩ። በቱቦ ሳይሆን በጠፍጣፋ ካርቶን እንዲላክ ተጨማሪ ከፍያለሁ።