በጃፓን ፍል ውሃ ቤት አንድ ቀን፦ መነከር፣ ማረፍ፣ እንደገና መነከር

ጃፓን ውስጥ ፍል ውሃ ቤት ሊውል ያሰበ ሰው ትልቁ ስህተቱ ውሃው ውስጥ መቆየቱ ነው። በ42 ዲግሪ ውሃ ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ የወጣ ሰው አላረፈም፤ ልቡ ይደልቃል፣ ሲነሳ ያዞረዋል፣ የቀረውን ቀን በመዛል ይጨርሰዋል። ጃፓኖች ከልክ ባለፈ መነከር የሚመጣውን ይህን ድካም «ዩአታሪ» ይሉታል፤ «ሙቅ ውሃው መታኝ» እንደ ማለት ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያም አንድ ጊዜ ሲገቡ መጀመሪያ ላይ ከ3 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ፣ ከለመዱት በኋላ ደግሞ 2 ወይም 3 ጊዜ ይላል። ስለዚህ ስድስት ሰባት ሰዓት በሚቆዩበት ቤት፣ ውሃ ውስጥ ያሉበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም። ቀኑን የሚያሳምረው የቀረው ጊዜ ነው።

ከመሄድ በፊት የቤቱን ዓይነት መለየት ይበጃል። «ኦንሰን» ከመሬት የሚወጣው ፍል ውሃ ነው። በ1948 የወጣው የኦንሰን ሕግ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ውሃው ከምንጩ ሲወጣ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንዲሆን፣ ካልሆነም ከተዘረዘሩት 19 ነገሮች ቢያንስ አንዱን በተወሰነ መጠን እንዲይዝ ይጠይቃል። «ሴንቶ» የሰፈር መታጠቢያ ነው፤ ውሃው ብዙ ጊዜ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ተሞቆ ነው። ቶኪዮ ውስጥ በ2024 የአዋቂ መግቢያ 550 የን ሆኗል። ቀኑን ለመዋል የሚሻለው ግን «ሱፐር ሴንቶ» የሚባለው ሰፊ ቤት ነው፤ ብዙ ገንዳ፣ ሳውና፣ ምግብ ቤትና የመጋደሚያ አዳራሽ አለው። በሥራ ቀን በአብዛኛው ከ800 እስከ 1,500 የን ያስከፍላል፤ ቅዳሜና እሑድ ይጨምራል፣ ሰዉም ይበዛል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሲከፈት መድረስ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ለፍል ውሃ ብሎ ከከተማ መውጣት የፈለገ ሰው ከቶኪዮ ሺንጁኩ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ሃኮኔ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

የኛ ሰው ፍል ውሃ ሲባል አዲስ አበባ ያለው ፍል ውሃ ወይም ሶደሬ ነው ትዝ የሚለው። አንዱ ጋ የራስን ክፍል ይዞ፣ በር ዘግቶ፣ ሳሙናውን እዚያው ተጠቅሞ መውጣት ነው፤ ሌላው ጋ የዋና ልብስ ለብሶ ገንዳ ውስጥ መግባት ነው። የጃፓኑ ከሁለቱም ይለያል። ገንዳው የጋራ ነው፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ናቸው፣ የሚገባውም ዕራቁት ነው። የዋና ልብስ አይፈቀድም፤ ልብስ የያዘው ሳሙናና ቆሻሻ ውሃው ውስጥ ይቀራልና። እዚያ ያሉት ሕጎች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው፦ አንድ ውሃ ብዙ ሰው ይነከርበታል፣ ስለዚህ ከንጹሕ ገላ በቀር ምንም አይገባበትም። ዕራቁትነቱ መጀመሪያ የሚያስጨንቅ ቢሆንም ማንም ማንንም አያይም፤ ትንሿን ፎጣ ከፊት ይዞ መራመድም የተለመደ ነው።

ጫማ መግቢያው ላይ ወልቆ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። አንዳንዱ ሳጥን የ100 የን ሳንቲም ይጠይቅና ሲከፈት ይመልሳል፣ ስለዚህ ሳንቲም ይያዙ። እንግዳ መቀበያው ላይ ቁልፍ ያለው የእጅ አምባር ይሰጣል፤ ምግብም ሆነ ማሳጅ በእሱ ይመዘገብና ሂሳቡ ሲወጡ ይከፈላል። ፎጣ ካልያዙ እዚያው ይከራያል። ትልቁ ፎጣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ውሃው የሚገባው ትንሹ ብቻ ነው። ስልክም ከልብስ ሳጥኑ አይወጣም።

በወንዶቹና በሴቶቹ መታጠቢያ በር ላይ «ኖሬን» የሚባል መጋረጃ ተሰቅሏል፤ አብዛኛውን ጊዜ የወንዶቹ ሰማያዊ፣ የሴቶቹ ቀይ ነው። ቀለሙን ብቻ አትመኑ። የወንድ የሚለው ፊደል አናቱ ላይ እንደ መስኮት በአራት የተከፈለ ሳጥን አለው፤ የሴት የሚለው የለውም። ብዙ ቤቶች የወንዱንና የሴቱን በኩል በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ያቀያይራሉ፤ ትናንት የገቡበት በር ዛሬ የሌላው ሊሆን ስለሚችል በገቡ ቁጥር ማየት ነው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ በ2020 በተሻሻለው የመንግሥት መመሪያ መሠረት 7 ዓመት የሞላው ልጅ ወደ ተቃራኒ ፆታ በኩል አይገባም። ዳይፐር ያልተወ ሕፃን ጨርሶ የማያስገቡ ቤቶችም አሉ።

አሁን ዋናው ሥራ፣ መታጠቡ። ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በሻወር ርስ ብሎ ገንዳ ውስጥ የሚገባ እንግዳ ዙሪያውን ያለውን ሰው ሁሉ ያስቀይማል። መጀመሪያ በር አጠገብ ካለው ማጠራቀሚያ በጣሳ እየቀዱ አሥር ጊዜ ያህል ገላ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ከእግር ተጀምሮ ወደ ላይ፣ ትከሻ መጨረሻ። ይህ ማለቅለቂያ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ሙቀቱን ቀስ ብሎ እንዲለምድና የደም ግፊት ድንገት እንዳይዘል ያደርጋል። ከዚያ በርጩማና ሻወር ወዳለበት ረድፍ ይሄዳሉ። በርጩማውን በውሃ ያጥቡና ይቀመጡ። ቆሞ መታጠብ ነውር ነው፤ ፍንጣሪው ጎረቤት ላይ ይሄዳል። ሻወሩ ሲጫኑት ጥቂት ሰኮንድ ይፈስና በራሱ ይቆማል፤ አልተበላሸም። ሳሙናና ሻምፑ ተቀምጠዋል። ጸጉር፣ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ በእግር ጣቶች መሃል ያለው ሁሉ ይታጠባል፣ አረፋው እስኪጠፋም ይለቀለቃል። ቫዝሊን፣ የጸጉር ቅባት ወይም ቅቤ የተቀባ ሰው ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ ቅባት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ወዲያውም ይታያል። ሲጨርሱ በርጩማውንና ሳህኑን አጥበው ለሚቀጥለው ሰው ይተዉ።

ጸጉር ውሃውን መንካት የለበትም። ሹሩባ የተሠራች ወይም ረጅም ጸጉር ያላት ሴት ከፍ አድርጋ አናቷ ላይ ትሰረው፤ ትንሿን ፎጣ መጠምጠምም ይቻላል። ድኝ ባለበት ውሃ የራሰ ሹሩባ ሽታው በቶሎ አይለቅምና ይህ ለራስም ይጠቅማል። ፎጣዋም ገንዳ ውስጥ አትነከርም፤ ታጥፋ አናት ላይ ወይም ጠርዙ ላይ ትቀመጣለች። በቀዝቃዛ ውሃ አርሶ አናት ላይ ማድረግ የማዞሩን ስሜት ያቀልላል።

ስለ ብር መስቀል አንድ ነገር። ድኝ ያለው ውሃ ብርን ያጠቁራል፤ በውሃውና በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሽፋን ይፈጥራል። ማተቡ ክር ስለሆነ ምንም አይሆንም፤ ብሩን ግን ከክሩ አውልቆ ሳጥን ውስጥ መተው ነው። ቀለበትና የጆሮ ጌጥም እንዲሁ።

ንቅሳት ሰፋ ያለ ጉዳይ ነው። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ከወሮበላ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ብዙ ቤቶች ይከለክላሉ። የቱሪዝም ኤጀንሲው በ2015 ባደረገው ጥናት መልስ ከሰጡት ቤቶች 56 ከመቶው እንደሚከለክሉ፣ 31 ከመቶው እንደሚፈቅዱ፣ 13 ከመቶው ከተሸፈነ እንደሚያስገቡ ተናግረዋል። ክልከላው ለባህልና ለእምነት ምልክት አይለይም፤ በ2013 ፊቷ ላይ የማኦሪ (የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ) ባህላዊ ንቅሳት ያላት ሴት ሆካይዶ ደሴት ውስጥ እንዳትገባ ተደርጋለች። እናቶቻችን ግንባራቸው ላይ ያለው መስቀል፣ አንገትና ድዳቸው ላይ ያለው ንቅሳት በእነዚያ ሕጎች ዓይን ያው ንቅሳት ነው። እናት ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን በር ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በስልክ ይጠይቅ፤ አንዲት እናት በግንባሯ መስቀል ምክንያት ከበር መመለስ የለባትም። ትንሽ ከሆነ በቆዳ ቀለም ተለጣፊ ይሸፈናል። የተሻለው ግን በሰዓት የሚከራየው የግል ገንዳ፣ «ካሺኪሪ» ነው። ኪኖሳኪ የምትባለው የፍል ውሃ ከተማ ደግሞ በሕዝብ መታጠቢያዎቿ ንቅሳት ያለውን ሰው ታስገባለች።

ወደ ውሃው እንመለስ። የየገንዳው ሙቀት ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ከ38 ወይም 39 ዲግሪው ይጀምሩ፤ 42ቱ ይቆይ። እግር፣ ወገብ፣ ከዚያ ትከሻ፣ በዝግታ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተጨመረበት ገንዳ ካለ እሱ ለመጀመሪያ ይመረጣል፦ 37 ወይም 38 ዲግሪ ቢሆንም ጋዙ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ከዚያ የሞቀ ይመስላል። ገላ ላይ የሚለጠፉትን ጥቃቅን አረፋዎች አይጥረጓቸው፣ ሥራውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ደካማ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ገንዳም አለ፤ ልቡ ላይ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አጠገቡም አይድረስ።

ግንባር ላይ ላብ ችፍ ሲል መውጣት ነው። ሲወጡ ግን ብድግ አይበሉ። ሙቀቱ የደም ሥሮችን አስፍቷል፣ የውሃው ክብደት ደግሞ እግርን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይዞት ነበር፤ ድንገት ሲቆሙ ያ ግፊት ይለቅና ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ዓይን ብዥ ይላል። ጠርዙን ይዞ መነሳት፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ መቀመጥ፣ ከዚያ መሄድ። ያዞረው ሰው እግሩን ከፍ አድርጎ ይጋደም።

ሳውናው ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ነው፤ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከሳውና ወጥቶ ላብን ሳያለቀልቁ ቀዝቃዛው ገንዳ ውስጥ መዝለል ሳሙና ይዞ ከመግባት አይለይም። ቀዝቃዛው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ደጅ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ። ጃፓኖች «ቶቶኖው» የሚሉት የሰውነት መስተካከል የሚመጣው ወንበሩ ላይ ነው፤ ሦስተኛውን እርምጃ የሚዘልል ሰው አያገኘውም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ቀዝቃዛውንም 42ቱንም ይተው።

ልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ የውሃው የምርመራ ወረቀት ተለጥፏል፤ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። የውሃውን አሲድነት የሚለካውን ፒኤች የሚባል ቁጥር ይፈልጉ። ከ3 በታች ከሆነ አሲድ ነው፣ ከ8.5 ጀምሮ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ። አልካላይኑ ቆዳን ያለሰልሳል፣ በኋላ ግን ያደርቃልና ቅባት ይፈልጋል። ኩሳትሱ የምትባለው የፍል ውሃ ከተማ ውሃ 2 አካባቢ ነው፤ ቁስልና ዓይን ያቃጥላል፣ ቆዳው ስስ የሆነ ሰው ሲጨርስ በተራ ውሃ ይለቅለቅ። ለሌላው ውሃ ግን ሳይለቀለቁ መውጣት ይሻላል፣ ማዕድኑ ገላ ላይ ይቆያል። ኩሳትሱ ላይ ውሃው በጣም ስለሚሞቅ በረጃጅም ሳንቃ እያገላበጡ ያቀዘቅዙታል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨምሩበት ኃይሉ ይቀጥናልና። አሪማ በምትባለው የፍል ውሃ ከተማ ያለው ብረት የያዘው ውሃ ደግሞ አየር ሲነካው ዝገት መልክ ይይዛል፣ ነጭ ፎጣን ያበላሻል። በ2004 አንዳንድ ቤቶች ቀለም ሲቀላቅሉ ከተገኙ በኋላ፣ ከ2005 ጀምሮ ውሃ መጨመሩን፣ መሞቁን፣ ተጣርቶ መመላለሱንና ፀረ ጀርም መግባቱን ለጥፎ ማሳወቅ ግዴታ ሆኗል።

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በትንሿ ፎጣ ገላን ጠርጎ ነው ወደ ልብስ መቀየሪያው የሚገባው፤ ወለሉን ማርጠብ አይወደድም። አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያ «ታታሚ» በሚባለው የሣር ምንጣፍ ላይ መጋደም፣ ግማሽ ሰዓት። በብርጭቆ ጠርሙስ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ወተት፣ በተለይ ቡና የተቀላቀለበት፣ የቤቱ ወግ ነው። ምሳ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይሻላል፤ ከበሉ በኋላ ለሚቀጥለው ዙር አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ጾመኛ ይጠንቀቅ፦ ሶባና ኡዶን የሚባሉት ፓስታ መሰል ምግቦች መረቅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ ነው። ውሃ ሳይጠጡ በጾም ላይ ሆኖ መነከር ግን ጨርሶ አይገባም፤ ቢራ ጠጥቶ ውሃ ውስጥ መመለስም እንዲሁ።

ትኩሳት ያለው፣ ከባድ የልብ፣ የሳንባ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ቀኑን ሌላ ጊዜ ያድርገው። እርግዝና በ2014 ከክልከላው ዝርዝር ወጥቷል፤ ሆኖም ሐኪሟን ጠይቃ፣ ለብ ባለው ውሃ፣ ወለሉ ስለሚያዳልጥ ሰው ይዛ ትግባ።

የመጨረሻው ዙር አጭር ይሁን፣ ደጅ ባለው ገንዳ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ጸጉርን በደንብ ማድረቅ፣ እርጥቡን ፎጣ በፌስታል መያዝ፣ አምባሩን መልሶ ሂሳብ መክፈል፣ ጫማ ማድረግ።