«ፒክ አፕ»ን ስለቅም የከረምኩባቸው ሦስት ወራት

ጥቅምት ሲጠባ የያዝኩት ዕቅድ በየሳምንቱ አንድ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሥ፣ ማለትም እንደ «አፕ» ካለ ትንሽ ቃል ጋር የተጣመረ ግሥ፣ እያጠናሁ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አሥራ ሁለቱን መጨረስ ነበር። ታኅሣሥ አልቆ ደብተሬን ስገልጠው ግን ያለው አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ እሱም «ፒክ አፕ»። ዕቅዱ ከሽፏል ለማለት አልደፍርም፤ አንዱን ግሥ እስከ ሥሩ መከተል አሥራ ሁለቱን ከላይ ከላይ ከመንካት የበለጠ እንደ ጠቀመኝ ስለማምን፣ እንደ እኔ ከሥራ ሰዓት በኋላ እንግሊዝኛን በግላቸው ለሚያጠኑ ወዳጆች የሄድኩበትን መንገድ ላካፍል።

ነገሩ የተጀመረው በስሕተት ነው። ጅማ ውስጥ ቡና ተረክቦ በሚያዘጋጅ መጋዘን እሠራለሁ፤ ከውጭ ገዢዎች ጋር የሚደረገውን መጻጻፍም አልፎ አልፎ እኔ እይዘዋለሁ። ለአንድ ገዢ ስለ አለቃቀማችን ሳስረዳ፣ ሴቶቹ ቀዩን እሸት አንድ በአንድ በእጃቸው ይለቅማሉ ለማለት ፈልጌ «ፒክ አፕ» የሚለውን ጻፍኩ። «አፕ»ን የጨመርኳት ዐረፍተ ነገሩን የምታሳምር መስላኝ ነበር። በማግስቱ የመጣው መልስ በጣም ትሑት ቢሆንም ጥያቄው አስደነገጠኝ፤ ቡናው ከዛፉ ሥር፣ ከመሬት ላይ የተሰበሰበ እንደ ሆነ ይጠይቃል።

በእኛ ቋንቋ «ለቀመ» ለሁለቱም ያገለግላል፤ ከቅርንጫፉም ይለቀማል፣ ከመሬቱም ይለቀማል። በእንግሊዝኛ ግን ከዛፍ ላይ ፍሬ መልቀም «ፒክ» ብቻ ሲሆን፣ «አፕ» ስትጨመር ነገሩ መሬት ላይ ወድቆ ወይም ተቀምጦ የነበረ መሆኑን ትናገራለች። የወደቀ ቡና አፈርና እርጥበት ስለሚያገኘው፣ ሻጋታም ስለሚደፍረው፣ ከቀዩ እሸት ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው እንደሚያዝ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም። እኔ በአንዲት ትንሽ ቃል የጥሩ ቡናችንን ደረጃ ዝቅ አድርጌ ጽፌያለሁ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩ፤ የዚያኑ ዕለት ማታም ደብተሩን ከፈትኩ።

ገጹን ከመጀመሬ በፊት ግራ ያጋባኝ ግሡን ድሮም የማውቀው መምሰሌ ነው፤ ከኋላው ጭነት የሚይዘውን መኪና ሁላችንም «ፒክ አፕ» እንለዋለን። መኪናው ስም ስለሆነ ድምፁ የሚጠብቀው በ«ፒክ» ላይ ነው፤ ግሥ ሲሆን ግን ክብደቱ ወደ «አፕ» ይሻገራል። ይህን ልዩነት ጮክ ብዬ እየደጋገምኩ ለመለማመድ አንድ ሙሉ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የቀለሉኝ አጠቃቀሞች በእኛ «አነሣ» የሚሸፈኑት ናቸው። ዕቃ ከወለል ይነሣል፣ ስልክ ይነሣል፤ በኦሮምኛም «ካሱ» ሁለቱንም ይይዛል። አሠራሩ ግን ተውላጠ ስም ሲመጣ ይፈትናል፤ «ፒክ አፕ ኢት» ስሕተት ነው፣ «ፒክ ኢት አፕ» መባል አለበት። ሙሉ ስም ሲሆን ከ«አፕ» በፊትም በኋላም ሊቀመጥ ይችላል፤ ትንሿ ተውላጠ ስም ግን መካከል ካልገባች አይሆንም። ይህን እንድይዘው የረዳኝ የራሳችን «ብድግ አደረገ» ነው። እኛም ሁለት ቃል አጣምረን አንድ ግሥ እናደርጋለን፤ «ብድግ አደረገው» ስንልም ተውላጠ ስሙን የምንሰካበት ቋሚ ቦታ አለን። ቦታው ይለያይ እንጂ ነገሩ ባዕድ አይደለም። ለነገሩ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ በግሥ ላይ ትንሽ ቃል እየተጨመረ ትርጉሙ የሚለወጥበት ይህ ልማድ ለባዕዳን እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ጽፏል። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ራሴን መውቀስ ቀንሻለሁ።

ሰውን በመኪና ሄዶ መቀበልም «ፒክ አፕ» ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ በተቃራኒው «አፕ»ን እንረሳታለን። «ከአውሮፕላን ማረፊያ እቀበልዎታለሁ» ለማለት «ፒክ ዩ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ስጽፍ ኖሬያለሁ። «ፒክ» ብቻውን ለሰው ሲሆን ግን መምረጥ ስለሆነ፣ እንግዳው «እመርጥዎታለሁ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። ይኸው ግሥ የማያውቁትን ሰው ለፍቅር ማግባባት፣ ወጣቶቻችን «መጥበስ» የሚሉትንም ይጨምራል፤ ስለዚህ ማንን፣ ከየት ቦታ እንደሚቀበሉ ማስከተል አይከፋም።

ከሁሉ ያቆየኝ የቋንቋው ትርጉም ነው። «ኦሮምኛን ፒክ አፕ አደረገ» ሲባል ክፍል ገብቶ፣ ሰዋስው አጥንቶ ሳይሆን ከሰው መካከል ኖሮ፣ እየሰማ ለመደ ማለት ነው። የእኔ ኦሮምኛ ልክ እንደዚያ ነው። ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ከእኩዮቼ ጋር ስጫወት፣ በገበያ ቀን እናቴን ተከትዬ በቅቤና በጎመን ዋጋ ሲከራከሩ ስሰማ ገባኝ እንጂ ማንም ተቀምጦ አላስተማረኝም፤ የትኛውን ቃል መቼ እንደያዝኩት ብጠየቅ አላውቀውም። እንግሊዝኛዬ ግን አንድም ቃል እንዲያ አልመጣልኝም፤ እያንዳንዱ በጥቁር ሰሌዳና በደብተር የገባ ነው። በአማርኛ የቀረበልኝ ቃል «ቃረመ» ነው፤ አዝመራ ከተነሣ በኋላ የቀረውን ዘለላ እንደሚቃርሙት፣ ዕውቀትም እዚህም እዚያም ይቃረማል። ሆኖም ቃርሚያ ሁልጊዜ ጥቂት ነው፤ በ«ፒክ አፕ» የለመዱት ቋንቋ ግን አፍ እስከ መፍታት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «ቃረመ»ን ጽፌ አጠገቡ «እየሰማ ለመደ» የሚለውን ጨምሬበታለሁ።

በሽታም እንዲሁ አስገርሞኛል። እኛ ጉንፋን ያዘኝ እንላለን፤ ያዡ ጉንፋኑ፣ የተያዝነው እኛ ነን። እንግሊዝኛ በ«ፒክ አፕ» ሲናገር ግን ሰውየው ራሱ ጉንፋኑን ከአንድ ቦታ አንሥቶ የመጣ ይመስላል። ለነፋስ ደግሞ «ተነሣ» ብዬ ተርጉሜው ነበር፤ አልሠራም፤ የሚነፍሰው ነፋስ በረታ ማለት ነውና። ሥራና ገበያም እንደዚያው ነው፤ ቀዝቅዞ የቆየው ሲነቃቃ እንጂ ገና ሲጀመር አይባልም። የቡናው ወቅት ደርሶ የጅማ ሱቆች ሲሟሟቁ ይህ አጠቃቀም ዓይኔ ሥር ነበር።

ሬድዮ ጣቢያ መሳቡን፣ የሌላውን ሒሳብ መክፈሉንና ፖሊስ ሰው መያዙን በአንድ ምሽት አልፌያቸዋለሁ፤ አውዱ ራሱ ይናገራል። እስካሁን ያልገራሁት «ፒክ አፕ ኦን» የሚለውን ነው፤ ሰው ሳይናገረው ከድምፁ ወይም ከፊቱ አንድን ነገር መረዳት፣ ወይም ቀደም ሲል የተነሣን ሐሳብ መልሶ ማንሣት ይሆናል፤ ሳነበው ይገባኛል፣ ስጽፍ ግን እጄ ያመነታል።

በደብተሬ ውስጥ አሁን አሥራ አራት አጠቃቀሞች ሰፍረዋል፤ ሳላስብ የምጠቀምባቸው ስድስት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ለዚያው ገዢ ስለ አዲሱ ምርት ስጽፍ «ሴቶቹ ቀዩን እሸት ይለቅማሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጋ ስደርስ ቆም አልኩና «ፒክ» ብቻ ጻፍኩ። ከዛፉ ሥር የወደቀውን ለብቻው እንደምንሰበስብ በገለጽኩበት በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ላይ ደግሞ «አፕ»ን መለስኳት።