ሱፓቤዝን በራሴ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስጭን፦ ከመጀመሪያው «አፕ» (ማስነሻ ትዕዛዝ) በፊት ማለቅ ያለባቸው ነገሮች

ሱፓቤዝን (ለመተግበሪያዎች ዳታቤዝ፣ የተጠቃሚ መግቢያና የፋይል ማከማቻ አንድ ላይ የሚሰጥ ሶፍትዌር) የጫንኩት 4 ጊጋ ራም ባለው ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ በዶከር ኮምፖዝ ነው፤ ይህ ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ሳጥኖች ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። መጫኑ ራሱ አጭር ነው፦ ኮዱን በጊት ማውረድ፣ «ዶከር» የሚለውን ፎልደር መያዝ፣ የኢንቭ ፋይሉን (ፓስወርዶችና ቅንብሮች የሚጻፉበትን) ናሙና ኮፒ አድርጎ መሙላት፣ ፑል (ለኮንቴይነሮቹ የሚያስፈልገውን ማውረድ)፣ ከዚያ አፕ። ጣጣው ያለው በመሙላቱና በአፑ መካከል ነው።

ፖስትግሬስ (ሱፓቤዝ የሚጠቀምበት ዳታቤዝ) ፓስወርዱን ከኢንቭ ፋይሉ የሚወስደው አንዴ ብቻ፣ የዳታ ፎልደሩን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ነው። «ለጊዜው ይነሳ፣ በኋላ እቀይረዋለሁ» ብዬ በናሙናው ፓስወርድ አስነሳሁት። ስቀይረው ዳታቤዙ አሮጌውን እንደያዘ ቀረ፣ ሌሎቹ ኮንቴይነሮች በአዲሱ ያንኳኳሉ፣ ሎጉ «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» በሚል ተሞላ። ዳውን (ማቆሚያው ትዕዛዝ) ላይ ቮልዩሞችን፣ ማለትም ዶከር ራሱ የሚይዛቸውን ማከማቻዎች፣ የሚያጠፋውን ቪ መጨመርም አልፈታውም፤ ዳታው ያለው በዶከር ቮልዩም ሳይሆን ከኮምፖዝ ፋይሉ አጠገብ ባለ ተራ ፎልደር ውስጥ ነዋ። ገና ምንም ካልገባበት ፎልደሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስነሳት ይሻላል። ዳታ ካለው ግን ኦት (የመግቢያ)፣ ስቶሬጅ (የፋይል) እና ሬስት (የዳታ ጥሪ) አገልግሎቶች የየራሳቸው የዳታቤዝ ተጠቃሚ ስላላቸው የሁሉም ፓስወርድ መቀየር አለበት።

ፓስወርዱን በኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ መሣሪያ) «ራንድ ሄክስ 32» አወጣሁ፤ ቁጥርና ፊደል ብቻ ያለበት 64 ቁምፊ ይሰጣል። ቤዝ64 የሚባለውን አጻጻፍ የተውኩት እዝባር ስለሚያመጣ ነው። ፓስወርዱ በዳታቤዙ ዩአርኤል ውስጥ ስለሚገባ አንዲት እዝባር አድራሻውን ታበላሸዋለች። የጄደብሊውቲ ቁልፍ (የመግቢያ ማረጋገጫዎች የሚፈረሙበት) ሲቀየር ደግሞ አኖን ኪይ (የተራ ጎብኚው) እና ሰርቪስ ሮል ኪይ (ሙሉ መብት ያለው) በአዲሱ ቁልፍ ካልተፈረሙ ጥሪው ሁሉ 401 (ያልተፈቀደ) ይመልሳል። ኢንቭ ፋይሉን ከነካኩ በኋላ ሪስታርት ማድረግም ከንቱ ድካም ነው፤ ለውጡ የሚገባው እንደገና አፕ ሲባልና ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ ሲፈጠር ነው።

ፋየርዎሉ ሌላ ወጥመድ ነው። ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ላይ የከፈትኩት ፖርት 22ን፣ 80ንና 443ን ብቻ ነበር፤ የሱፓቤዝ መግቢያ የሆነው 8000 ግን ከውጭ ሲሞከር ወለል ብሎ ተከፈተ። ዶከር የራሱን ደንብ አይፒቴብልስ (የሊኑክስ የኔትወርክ ደንቦች) ውስጥ ስለሚያስገባ ፓኬቱ ዩኤፍደብሊው ወደሚጠብቀው በር ሳይደርስ ወደ ኮንቴይነሩ ይታጠፋል። በኮምፖዝ ፋይሉ ከፖርቱ ቁጥር ፊት 127.0.0.1 (ከሰርቨሩ ውስጥ ብቻ የሚደረስበት አድራሻ) እና ሁለት ነጥብ (:) ማስቀደም ይበቃል፤ ለዳታቤዙ ፖርቶች ለ5432ና ለ6543ም እንዲሁ። ከፊት ካዲን (ጥሪውን ተቀብሎ ወደ ሱፓቤዝ የሚያሳልፍ ዌብ ሰርቨር) አቆምኩ፤ ዶሜኑ ወደ ሰርቨሩ እስካመለከተ ድረስ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬቱን ራሱ ያወጣል።

የዶከር ሎግ ወሰን ካልተሰጠው ዲስኩን ይውጣል። በፋይል 10 ሜጋ፣ ቢበዛ 3 ፋይል አልኩት፤ ነባር ኮንቴይነሮች ግን እንደገና እስኪፈጠሩ አይሰሙም። አንዱ ኮንቴይነር በመውጫ ኮድ 137 ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ ራም አልቆ ነው፤ ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) መጨመር ወይም የማይፈለገውን አገልግሎት ማውጣት ነው።

ለባክአፕ እየሰራ ያለ ዳታቤዝ ፎልደር አይገለበጥም፤ ፒጂ ዳምፕ (የፖስትግሬስ ባክአፕ ማውጫ መሣሪያ) አለለት። ዳምፑ ግን ስለተሰቀሉ ፋይሎች የሚያውቀው ስማቸውን ነው። ፋይሎቹ ያሉት ስቶሬጅ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ እሱም ኢንቭ ፋይሉም አብረው ይቀመጣሉ።