የታይሚንግ ካቴና ከማስቀየራችሁ በፊት

ሞተር ሳይክላችሁ ማግኔት (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ የሚዞረው፣ ባትሪ የሚሞላው ክፍል) ተቀይሮለት የሚያውቅ ከሆነ፣ የታይሚንግ ካቴና (ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ሰንሰለት) ከማስቀየራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደህና የነበረ ሞተር ገንዘብ ከፍዬ አስበላሸሁ፤ መልሼ ያስተካከልኩትም ራሴ ነኝ።

የእኔ ሕንድ ሠራሽ ባለ 150 ሲሲ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ ሁለት ቫልቭ፣ ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ካምሻፍት። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ሞልቷል። ጠዋት ሲነሳ ካቴናው መንኳኳት ጀመረ። የካቴናው መወጠሪያም የመጨረሻው ጥርስ ላይ ደርሶ ስለነበር መቀየሩ ግድ ነበር። ጋራዥ ሰጠሁት፤ ቀየሩት። መንኳኳቱ ጠፋ፣ ጉልበቱም አብሮ ጠፋ።

ወደ ወንዶ ገነት የሚወስደውን ዳገት ድሮ ሳይጨነቅ ይወጣ ነበር። አሁን ማርሽ እየቀነስኩ፣ ጋዝ እየሰጠሁ እንኳ እያቃሰተ ሆነ። ኪኩ እግሬ ሥር ቀለለኝ። ይህን ልብ በሉ፤ ካቴና ከተቀየረ በኋላ ኪክ ከቀለለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ታይሚንጉ፣ ማለትም ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር የሚናበቡበት ጊዜ፣ ነው። ካምሻፍቱ ወደኋላ ሲዘገይ የመግቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ አየሩ መልሶ ይወጣል፣ የሚታመቀው ያንሳል።

ጋራዡ ግን ታይሚንጉን ሊያይልኝ አልፈለገም። መጀመሪያ ካርቡሬተር ነው አሉኝ። አጠቡት፣ ከፈልኩ። ቀጥሎ ካንዴላ፣ ከዚያ ሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን)። ሁሉንም ከፈልኩ። «ታይሚንጉ ቢታይስ?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ወንድሜ፣ እኛ ምልክት በምልክት ነው ያሰርነው። ማንዋሉም የሚለው ይህንኑ ነው።» እውነታቸውን ነው፣ ማንዋሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በዚህ ጉዳይ ከማንዋሉ ጋር የማልስማማውም ለዚህ ነው።

ማንዋሉ የሚያዘው እንዲህ ነው። ማግኔቱ ላይ የተቀረጸችውን «ቲ»፣ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ መድረሱን የምታሳየውን ምልክት፣ ከካርተሩ (ከሞተሩ ቀፎ) ምልክት ጋር ግጠም። ያኔ የካምሻፍቱ ስፕሮኬት (ካቴናው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ጎማ) ላይ ያለው መስመር ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) ጠርዝ ጋር እኩል ይተኛል። «ኤፍ» የምትለውን ከ«ቲ» ጋር አታምታቷት፤ እሷ የእሳት ምልክት ናት፣ ቀድማ ነው የምትመጣው። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ነገር ግን ትእዛዙ በሙሉ የቆመው «ቲ» ትክክል ናት በሚል እምነት ላይ ነው።

የቴስታታውን ክዳን ራሴ ከፈትኩት። «ቲ»ን ስገጥማት የስፕሮኬቱ መስመር ትንሽ ያዘነብላል። ካቴናውን በአንድ ጥርስ አዛወርኩት። አሁን ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ሌላኛው ጎን አዘነበለ። በየትኛውም ጥርስ እኩል አይተኛም። ጋራዡ ይህን ማየቱ አይቀርም፤ መስመሩ ዓይን ፊት ነው ያለው። እያዩ አንዱን ጥርስ መርጠው ክዳኑን ዘጉት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። አለማወቅ አያስቆጣኝም፤ እየታየ ያለን ነገር ማለፍ ግን ያስቆጣኛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ክራንክሻፍቱ፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። የእኔ ስፕሮኬት 34 ጥርስ አለው። 360ን ለ34 ስናካፍል አንድ ጥርስ ካምሻፍቱ ላይ 10.6 ዲግሪ፣ ክራንክሻፍቱ ላይ 21 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። መስመሩ በአንዱ ጥርስ ወዲህ፣ በሌላው ወዲያ እኩል የሚያዘነብል ከሆነ ስህተቱ የግማሽ ጥርስ ያህል ነው ማለት ነው። ካቴና ደግሞ ግማሽ ጥርስ አይስትም። የሳተችው «ቲ» ናት።

ያኔ ትዝ አለኝ። ቀደም ብሎ ባትሪ አልሞላ ብሎ ማግኔቱ ተቀይሮ ነበር፤ የተገጠመው ኮፒ ነው። እሳቱን የሚያዘው ክፍል በትክክለኛ ቦታው ስለነበር ሞተሩ ያለችግር ሲሠራ ከረመ። «ቲ» ብቻ ያለቦታዋ ተቀርጻለች። ሞተር ሲሠራ ማንም «ቲ»ን አያያትም፤ የምትፈለገው ቴስታታ ሲከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ስህተቷ ካቴና እስኪቀየር ተደብቃ ቆየች።

አሁን ፒስተኑ በእርግጥ ጫፍ ላይ የሚደርስበትን ቦታ ማግኘት ነበረብኝ። ብዙ መካኒክ በካንዴላው ቀዳዳ ካቻቢቴ ይሰድና መውጣቱን ሲያቆም «ጫፍ ላይ ነው» ይላል። እባካችሁ ይህን አትቀበሉ። ፒስተን ጫፉ አካባቢ የቆመ እስኪመስል ድረስ ይዘገያል። ስትሮኩ (የፒስተኑ የላይ ታች ጉዞ) 60 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ሞተር፣ ክራንክሻፍቱ ከጫፍ 5 ዲግሪ ቢያልፍ ፒስተኑ የሚወርደው 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 10 ዲግሪ ቢያልፍ እንኳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን በካቻቢቴ የሚለይ እጅ የለም። ካቻቢቴው ተጣሞ የካንዴላውን ቀዳዳ ጥርስ ወይም የፒስተኑን አናት መጉዳቱም አለ።

የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱንም እዚሁ አሠራሁ። የመጀመሪያው የዲግሪ ክብ ነው። 360 ዲግሪ የተከፈለ ክብ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ኮምፔንሳቶ ላይ ለጠፍኩት። አሮጌ ሲዲ ላይ የሚለጥፉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ሲዲ ላይ አንድ ዲግሪ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ግን 1.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ለዓይን ይመቻል። መሐሉን በማግኔቱ ዳዶ አሰርኩት፤ ከካርተሩ ቡሎን ላይ ደግሞ ሽቦ አጥፌ ጠቋሚ አደረግኩ።

ሁለተኛው የፒስተን ማቆሚያ ነው። ያረጀ ካንዴላ ወስጄ ነጩን ሸክላ ሰብሬ አወጣሁ። ብየዳ ቤት አናቱ ላይ ዳዶ አስበየድኩና ቀጭን ረጅም ቡሎን አሳለፍኩበት። የቡሎኑን ጫፍ በሞረድ አድቦለቦልኩት፤ ስለት ያለው ጫፍ አሉሚኒየሙን ይበሳል። በካንዴላው ቦታ ሲታሰር ቡሎኑ ወደ ውስጥ ይወጣና ፒስተኑን ጫፍ ሳይደርስ ያስቆመዋል።

ከዚህ በፊት ግን መወጠሪያውን ፍቱ፣ ከዚያ ስፕሮኬቱን። ካቴናውን በሽቦ ወደ ላይ አስራችሁ ያዙት፤ ከለቀቃችሁት ይወድቃል ወይም ታች ጥርሱ ላይ ይቆላለፋል። ካቴናው የሚወርድበትን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። ሁለቱም ቫልቮች መዘጋታቸውን አረጋግጡ፤ የተከፈተ ቫልቭ ከማቆሚያው ጋር ይጋጫል።

ከዚያ ክቡን «ቲ» ላይ ዜሮ አደረግኩትና ክራንክሻፍቱን በእጅ፣ ቀስ ብዬ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ አዞርኩ። ፒስተኑ ማቆሚያውን ነካ። እዚህ ጋ ጉልበት አይጨመርም። ሽቦው ከ«ቲ» በፊት 52 ዲግሪ አሳየ። በተቃራኒው አዞርኩት። ሲነካ ከ«ቲ» በኋላ 32። «ቲ» ትክክል ብትሆን ሁለቱ እኩል በሆኑ ነበር። ድምሩ 84፣ ግማሹ 42። ሽቦውን አንቀሳቅሼ በሁለቱም በኩል 42 እስኪያሳይ አስተካከልኩት። አዲሱ ዜሮ እውነተኛው ጫፍ ነው። «ቲ» የምትመጣው ከእሱ 10 ዲግሪ ዘግይታ ነው። ቁጥሩ አለመቀየሩን በድጋሚ እየለካሁ አረጋገጥኩ።

ማቆሚያውን አውጥቼ ዜሮ ላይ አቆምኩትና ስፕሮኬቱን አስገባሁ። መስመሩ ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ልክ ተኛ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ ያን ያህል ከፍዬ ያላገኘሁትን በአንድ ወረቀትና በአንድ አሮጌ ካንዴላ አገኘሁት።

የቀረው የተለመደ ሥራ ነው። መወጠሪያውን ምላሱን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ እሰሩትና ከዚያ ልቀቁት። ክራንክሻፍቱን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙራችሁ መስመሩን እንደገና እዩ። በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ አዙሩ፤ ያኔ የፊተኛው የካቴና መስመር ይወጠራል፣ ልሉ መወጠሪያው ባለበት በኋላ በኩል ይሰበሰባል። የቫልቩን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) አስተካክሉ።

አንድ ማረጋገጫ ግን አትዝለሉ፤ መሣሪያም አይፈልግም። ከታመቀበት ጫፍ አንድ ዙር ጨምራችሁ አዙሩና ቀጣዩ ጫፍ ላይ አቁሙ። በተለመደ ካምሻፍት፣ እዚህ ቦታ ላይ የማውጫው ቫልቭ ሊዘጋ ሲል የመግቢያው መከፈት ጀምሮ፣ ሁለቱም በተቀራራቢ መጠን ትንሽ ከፈት ብለው ይታያሉ። ጋራዡ ባሰረው ጥርስ ማውጫው ገና በሰፊው ክፍት ሆኖ መግቢያው ምንም አልተነቃነቀም ነበር። ማንዋላችሁ የቫልቭ መክፈቻና መዝጊያ ዲግሪ ካለው ደግሞ በዚሁ ክብ ማመሳከር ትችላላችሁ፤ የሆንዳ ማንዋሎች ቫልቩ 1 ሚሊ ሜትር ሲከፈት ያለውን ነው የሚሰጡት።

የድሮዋን «ቲ» በሞረድ አጠፋኋት። አዲሱን መስመር ጭሬ ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ ነገ ይህን ሞተር የሚከፍት ሌላ ሰው እንዳይሳሳት። ዳገቱን እንደ ድሮው ይወጣዋል፣ ኪኩም ክብደቱ ተመልሷል።

ማግኔት የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ሳትይዙ ሱቅ አትግቡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከውስጥ ካለው የቁልፍ ቦይ (ማግኔቱን ዘንጉ ላይ ቦታውን ከሚያስይዘው) እስከ «ቲ» ያለውን ርቀት አስተያዩ። 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ማግኔት ላይ 10 ዲግሪ ማለት ዙሪያው ላይ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ነው። ያለ መነጽር ይታያል። ሻጩ «ያው ነው፣ ይሠራል» ካላችሁ ሌላ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት፤ ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ።