የዳግማ ትንሳኤ ለት ሥጋ ቤታችን ውስጥ የሆነው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሥጋ ቤት ካሸር ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት እኛ ቤት ምን እንደሚመስል የሰራበት ነው የሚያውቀው፣ 55 ቀን የጾመ ሰው በአንዴ ነው የሚመጣው፣ ቁርጡ ጥብሱ ዱለቱ፣ በዛ ላይ ቢራና አረቄ፣ ሰው ጉርሻውን ሳይውጥ ነው የሚስቀው።

የዳግማ ትንሳኤ ለት ከሰአት ላይ አራት ሆነው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ወፈር ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቁርጣቸውን በአዋዜ እያጠቀሱ ሲጫወቱ ቆይተው ድንገት ብድግ አሉና ወደ ሽንት ቤት መሄድ ጀመሩ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጓደኞቻቸው ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ ቢራ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ ማን ዞሮ ያያል።

ያየቻቸው አንዷ አስተናጋጃችን ናት። ቀጭን ልጅ ናት፣ ማታ ማታ ነርሲንግ ትማራለች፣ ቆራጩ "ዶክተር" እያለ ይቀልድባታል። ሰውየው እጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ሲያልፉ አየችና ትሪውን ያገኘችው ጠረጴዛ ላይ ጥላ መንገድ ዘጋችባቸው። "ጋሼ አነቀዎት እንዴ? ይናገሩ እስኪ?" ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሳል የለ ድምፅ የለ፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ከዛ ቤቱ ተገለባበጠ። አንዱ "ውሃ! ውሃ ስጧቸው!" እያለ ሀይላንድ ይዞ መጣ፣ ሌላው አናታቸውን ይመታል፣ አንዱ ደሞ ጣቱን ጉሮሯቸው ውስጥ ሊከት ይታገላል። ልጅቷ እንደዛ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፣ "ውሃውን አንሳው! እጅህን ከአፋቸው አውጣ! አንተ 907 አምቡላንስ ጋ ደውል!" ብላ ሁሉንም ገፈተረቻቸው። ሰውየውን ወደፊት አጎንብሳ በአንድ እጇ ደረታቸውን ደግፋ በሌላኛው መዳፍ ሥር ትከሻና ትከሻቸው መሀል አምስቴ መታቻቸው፣ ምንም የለም። ከኋላ ዞራ ሆዳቸውን ልታቅፍ ስትል እጇ አልደርስ አለ፣ ሆዳቸው ትልቅ ነው እሷ ደሞ አጭር ናት። ሁላችንም አለቀ አልን። እሷ ግን ወዲያው እጇን ወደላይ አንስታ ደረታቸው መሀል አጥንቱ ላይ አድርጋ ወደራሷ ትስብ ጀመር፣ አንዴ ሁለቴ ሦስቴ፣ ከዛ ያልታኘከ ጮማ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ሰውየው የሳቡት ትንፋሽ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

ከዛ በኋላ ደሞ ሌላ ጭቅጭቅ። ሰውየው አፍረዋል፣ "ደህና ነኝ ደህና ነኝ" ብለው ተመልሰው ሊቀመጡ ነው፣ ይባስ ብለው ቢራቸውን ጠየቁ። ልጅቷ ሆስፒታል ካልሄዱ አለቅም አለች፣ እንደዛ ሲጫን የጎን አጥንት ወይ የውስጥ አካል ሊጎዳ ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ የቀረ ቁራጭም ሊኖር ይችላል ብላ። በመጨረሻ ጓደኛቸው በባጃጅ ይዟቸው ሄደ።

ማታ ከዘጋን በኋላ ቡና ተፈልቶ ሁሉም በጥያቄ አጣደፋት። ጥበቃችን "ውሃው ምን አደረገሽ?" አላት። አየር መግቢያው ተደፍኖ ውሃ ብትጨምርበት የት ይሄዳል አለችው፣ ጣት ደሞ የማይታየውን ነገር ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ የሚታይ ከሆነ ብቻ ነው የሚወጣው። ትን ብሎት የሚያስል ሰው ካየህ ደሞ አትምታው፣ ሳል ካለ አየር እየገባ ነው፣ አበረታታውና አጠገቡ ቁም፣ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው አለች። እንደሷ አነጋገር የሚታነቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ ተነስቶ ሽንት ቤት ይገባና በሩን ይቆልፋል፣ አእምሮ ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፣ አምቡላንስ ደሞ በዚህ በፋሲካ ግርግር መቼ ይደርሳል። ባለቤቱ ይሄን ሲሰማ በማግስቱ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ከውጭ በሚከፈት አስቀየረው፣ አምፖል ለመቀየር ሳምንት የሚፈጅ ሰውዬ እኮ ነው።

ቆራጩ ካላሳየሽኝ አለ። ከእምብርት ከፍ ከደረት አጥንት ጫፍ ዝቅ ብሎ ቡጢውን በአውራ ጣት በኩል ማስቀመጥ፣ በሌላው እጅ መያዝና ወደ ውስጥ ወደ ላይ መሳብ፣ 5 ጀርባ 5 ሆድ እያፈራረቁ። ጥበቃችን ሆዱን ሰጥቶ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እሷ ግን ደህና ሰው ላይ በጉልበት አይሞከርም ብላ ቦታውን ብቻ አሳየችበት። ለነፍሰ ጡርና እንደዛሬው ሰውዬ ላልታቀፈ ሰው ደረት ነው። ራሱን ከሳተ በጀርባው አስተኝቶ ሲፒአር መጀመር ነው፣ 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ አፉን ማየት፣ 2 ትንፋሽ መስጠት፣ እንደዛ እያሉ መቀጠል። ሆዱን የመጫኑን ዘዴ በፈረንጆች 1974 ያስተዋወቀው ሄምሊክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ በ2016 በ96 ዓመቱ በሚኖርበት የአረጋውያን ቤት ሀምበርገር ያነቃቸውን ሴትዮ በዚሁ ዘዴ አድኗል ስትለን ጥበቃችን "በ96 ዓመቱ ጉልበቱን ከየት አመጣው" ብሎ አላመነም።

ለኛ ስራ የሚጠቅመው ደሞ የሰካራሙ ነገር ነው። ጠጥቶ ራሱን የማያውቅ ሰው በጀርባው ከተኛ ምላሱ ራሱ ወደኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ይዘጋዋል፣ ካስመለሰውም ትውከቱ ሳንባው ይገባል፣ እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኝቶ አገጩን ቀና ማድረግና ከአጠገቡ አለመለየት ነው። እኛ ቤት አግዳሚ ላይ በጀርባ ማስተኛት ከዛ ቀን ጀምሮ ቀርቷል።

ቆራጩ ዓመት ያልሞላት ሕፃን አለችው፣ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሷ ጠየቀ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሆዱ አይጫንም አለችው፣ ጉበቱ ይጎዳል። ክንድህ ላይ በደረቷ አስተኝተህ፣ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ዝቅ ብሎ፣ አገጯን ይዘህ፣ ጀርባዋን 5 ጊዜ መምታት፣ ከዛ ገልብጠህ ደረቷ መሀል 5 ጊዜ መጫን። እግሯን ይዞ ቁልቁል መዘቅዘቅ የሚባለውን ተወው። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን ከሷ አርቅ፣ ትልቁ ልጅህም አምስት ዓመት እስኪሞላው ቆሎ ባይሰጠው ይሻላል አለችው። በማግስቱ ሲመጣ ቆሎውን በሙሉ ከቤት ሰብስቦ ይዞልን መጣ፣ ሚስቱ ተቆጥታዋለች አሉ፣ እኛ ግን እስከ ማታ በቡና ጨረስነው።