ስልኩን ነቅለው የሄዱ ለት

መስከረም 22

ዛሬ ምሳዬ ሩዝ በኦቾሎኒ ወጥ ነበር። ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራው ጊኒያዊ በየዓመቱ በዚች ቀን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ የነፃነት በዓላቸው ነው። እስከ ዛሬ "እንኳን አደረሰህ" ብዬ በልቼ ነበር የምነሳው። ዛሬ ሥራው ቀዝቀዝ ስላለ ወሬ ጀመርን።

እኛ አበሾች መቼም "ቅኝ አልተገዛንም" ማለት እንወዳለን። እኔም አልኩ። ሳቅ አለና "እኛ ደግሞ እምቢ ብለናል" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1958 (እንደ ፈረንጆቹ) የፈረንሳዩ መሪ ደ ጎል አዲስ ሕገ መንግሥት አዘጋጅቶ ለቅኝ ግዛቶቹ ምርጫ ሰጠ። "አዎ" ያለ በፈረንሳይ ጥላ ሥር ይቆያል። "አይሆንም" ያለ ነፃ ይወጣል፣ ግን የሚመጣውን ይቀበላል። ነሐሴ ላይ ራሱ የጊኒ ዋና ከተማ ኮናክሪ ሄደ። እዚያ የጠበቀው፣ በኋላ የጊኒ ፕሬዚዳንት የሆነው ሴኩ ቱሬ፣ የ36 ዓመት ሰው ነው፤ ከፖስታ ቤት ጸሐፊነት ተነስቶ የሠራተኛ ማኅበር መሪ የሆነ። ደ ጎል ፊት ቆሞ በባርነት ከመበልጸግ በነፃነት መደህየት ይሻለናል አለ። እውነቴን ነው፣ ይህን ስሰማ ሰውነቴን ነዘረኝ።

በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው፣ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ከመቶ 95 በላይ "አይሆንም"። ከአፍሪካ የፈረንሳይ ግዛቶች ሁሉ እምቢ ያለችው ጊኒ ብቻ ነበረች። በአራተኛው ቀን ነፃ አገር ሆነች።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የባልደረባዬ አባት ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበሩ። አንድ ጠዋት ሲገቡ ፈረንጆቹ የሉም። ስልኩ ተነቅሏል፣ ሽቦው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። መዝገቦቹም የሉም። በየቦታው እንዲህ ነበር፤ አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ በሳምንታት ውስጥ ጠቅልሎ ሄደ። ተላላኪው ተቀምጦ ማንን ይላክ? የነፃነት ማለዳ ሲባል ባንዲራና እልልታ ነበር የሚታየኝ። የተነቀለ ስልክ አስቤ አላውቅም።

ጋና 10 ሚሊዮን ፓውንድ አበደረቻቸው። በ1960 የራሳቸውን ገንዘብ ሲያትሙ ደግሞ የፈረንሳይ ስለላ ሐሰተኛ ብር እያተመ አገሩን አጥለቀለቀው። ቂም ማለት ይሄ ነው! በዚያው ዓመት ግን 14 የፈረንሳይ ግዛቶች ነፃ ወጡ፤ ያለ እምቢታ፣ በስምምነት። ጊኒ በሩን ባትከፍተው ኖሮ ይሄን ያህል ይፈጥን ነበር? አይመስለኝም።

"ታዲያ ሴኩ ቱሬን ትወዱታላችሁ?" አልኩት።

ዝም አለ። ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ ስለ ካምፕ ቦይሮ ነገረኝ። ያ "በነፃነት መደህየት" ያለ ሰው ሴራ ጠንስሳችኋል እያለ ሰው ያጎረበት እስር ቤት ነው። የጊኒው ዲፕሎማት ዲያሎ ቴሊም እዚያ ነው የሞተው፣ በ1977፣ እህልና ውሃ ተከልክሎ።

"እናንተ አገር እኮ ነው የኖረው" አለኝ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ነበር፤ ከ1964 እስከ 1972 አዲስ አበባ። እኔ ሳር ቤት ነው ያደግሁት። የድርጅቱን አጥር ታክኬ ነው ትምህርት ቤት የተመላለስኩት። ስሙን ዛሬ ሰማሁ፣ ያውም ዲሲ፣ መሬት ውስጥ ባለ ፓርኪንግ።

አባቱ በሰጡት ድምፅ ተቆጭተው እንደሆነ ልጠይቀው ስል መኪና መጣ። ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ታች ወረደ። እኔም ሳህኑን አጠብኩለት።