የጋሼ ኤል-39 በረረ!

ክረምቱን ሙሉ ሜሪላንድ፣ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ተጋድሞ የከረመው በሪሞት የሚበር ሞዴል ጄት ቅዳሜ ጠዋት ተነሳ፣ ያውም ሁለቴ! ጋሼ ድሮ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ቤት መካኒክ ነበሩ፣ እዛ አብራሪዎች የሚሰለጥኑበት ኤል-39 ስለሆነ ሞዴል ሲመርጡም ሌላ ነገር አላዩም፣ እኔ ኤፍ-16 ይሻላል ብዬ ነበር ግን ማን ሰምቶኝ።

ትልቅ ስላችሁ የምሬን ነው። ዋናው አውሮፕላን 12 ሜትር ነው፣ ይሄ አምስት እጥፍ ተቀንሶ እንኳን ወደ 2 ሜትር ተኩል ይጠጋል። ሞተሩ ደግሞ እውነተኛ ተርባይን፣ ማለትም ትንሽዬ የጄት ሞተር ነው፣ ዝም ብሎ ቆሞ እንኳን በደቂቃ 30 ሺህ ምናምን ጊዜ ይዞራል፣ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ከ100 ሺህ ያልፋል። እዚህ አሜሪካ የሞዴል አብራሪዎቹ ማህበር ኤኤምኤ ለተርባይን ለብቻው ፈቃድ የሚጠይቀው ወዶ አይደለም። የሚጠጣው ላምባ ነው፣ ትንሽ የተርባይን ዘይት ተቀላቅሎበት፣ ሲነሳ ሽታው ቀጥታ ያኔ ቤታችን የነበረውን የላምባ ምድጃ! እኔ የእሳት ማጥፊያ ይዤ ጎኑ ቆሜያለሁ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እያሽከረከረ ሙቀቱን እየለካ አስነሳው።

ሜዳውን እንደለቀቀ አፍንጫው ቀና ቀና አለ። ጋሼ ስቲኩን ወደፊት ገፍተው ያዙት፣ ሁለቱም እጃቸው ስራ ላይ ነው፣ «አንተ፣ ትሪሙን ወደ ታች ንካልኝ» አሉኝ፣ እኔም ከጎናቸው ሆኜ ሪሞቱ ላይ ያለችውን ትንሽ የትሪም ቁልፍ (ስቲኩን ሳይገፉ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የምታስተካክለውን) ጠቅ፣ ጠቅ። «ጨምር... ጨምር... በቃ በቃ!» አሁንም እሷን ሳስብ ያልበኛል።

ከባዱ ግን ማሳረፉ ነው። ተርባይን ጋዝ ስትሰጠው ወዲያው እሺ አይልም፣ ከታች ተነስቶ ጉልበት እስኪያገኝ ጥቂት ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ፕሮፔለር የለመደ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ዝቅ ብሎብኛል ብለህ ጋዝ ስትሰጥ እሱ ገና እያሰበ ነው። ስለዚህ ፍላፑን (ክንፉ ጀርባ ላይ ወደ ታች የሚታጠፈውን) ሙሉ አውርደህ፣ በፍላፑ እያስጎተትከው፣ ሞተሩን ግን ጨርሶ ሳታበርድ ነው የምትመጣው። ጋሼ የመጀመሪያው አመጣጣቸው አልጣማቸውም፣ «ይቅር» ብለው ገና ከሩቁ ጋዝ ሰጥተው ዞሩ። ሰዓት ያዥ እኔ ነኝ፣ ለእንደዚህ አይነቱ ዙር ነዳጅ እንዲተርፍ አላርሙን ቀደም አድርገን ነበር የሞላነው። ቀጥለው ሲመጡ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ነኩ፣ ከዛ አፍንጫው ቀስ ብሎ ወረደ። እኔ ጮህኩ፣ እሳቸው ምንም።

አፍንጫው ቀና ያለው ጅራቱ ስለከበደ ነው ብለው ባትሪውን ወደ አፍንጫው ገፋ አደረጉት፣ ሁለተኛው በረራ ላይ ሌላ አውሮፕላን ሆነ! ትሪሙንም መለስ አደረግነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዝቅ ብሎ በፊታችን ሲያልፍ ያ የጄት ፉጨት ከኋላው እየተከተለ... ለተርባይን ሞዴል ማህበሩ የሚፈቅደው ፍጥነት በሰዓት እስከ 200 ማይል ነው፣ ትንሽ ስጡት እንጂ ጋሼ ብላቸው «ይሄ ማሰልጠኛ ነው እንጂ ሚግ መሰለህ እንዴ?» አሉኝ።

የቀረው የአፍንጫ ጎማው በር ነው፣ አልገጥም ብሏል፣ በሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮው፣ ይቀየራል። ቪዲዮ የታለ ለምትሉኝ ደግሞ፣ እጄ ትሪሙ ላይ ነበር፣ ማን ይቅረጽ?